ልጁን ከሞት የሚሸሽጉ ስሞች

ሞንጎሊያ ውስጥ ኔርጉይ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ትርጉሙ «ስም የለውም» ነው። ኤነቢሽ የሚባሉም አሉ፤ «ይሄ አይደለም» እንደማለት። ሁንቢሽ «ሰው አይደለም» ማለት ሲሆን፣ ሙኖሆይ ደግሞ «መጥፎ ውሻ» ነው። እነዚህ የሰፈር ቅጽል ስሞች አይደሉም። መታወቂያ ላይ የሚጻፉ፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚባልባቸው፣ እናትና አባት መክረውበት ያወጧቸው ስሞች ናቸው። የሚገርመው ደግሞ እንዲህ ያለ ስም የሚወጣለት ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ይልቅ የሚሳሱለት ልጅ መሆኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞት ነው። ከዘመናዊ ሕክምና በፊት በነበረው ረጅም ዘመን፣ በየትኛውም አህጉር ቢሆን፣ ከተወለዱ አራት ሕፃናት አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ለአካለ መጠን አይደርሱም ነበር። ሀብትም ዘውድም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1714 የሞተችው የእንግሊዝ ንግሥት አን 17 ጊዜ አርግዛ አንድ ልጅ እንኳ ለአዋቂነት አልደረሰላትም። እናት በተከታታይ ሦስት አራት ልጅ ስትቀብር ጎረቤት የሚጠይቀው «ምን በሽታ ነው?» ብሎ አልነበረም፤ «ማነው የሚወስድባት?» ብሎ ነበር። ወሳጁ የሚያይ፣ የሚሰማ፣ የሚመኝ አካል ነው ተብሎ ከታመነ ደግሞ ሊታለል ይችላል ማለት ነው። ልጁን ፈልጎ የሚያገኘው በስሙ ከሆነ መላው ስሙን ማበላሸት ይሆናል።

ሞንጎሎች ይህን ብልሃት እስከ ጥጉ ወሰዱት። ልጅ የሞተበት ቤት አዲሱን ሕፃን «ይሄ አይደለም» ሲለው፣ ክፉው መንፈስ ደጅ ደርሶ «የምፈልገው ይሄ ነው?» ቢል መልሱ በስሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «ሰው አይደለም» ከተባለም፣ ሰው ፈላጊው መንፈስ አልፎት ይሄዳል። ወንዱን ልጅ የሴት ልብስ ማልበስም የዚሁ ማታለያ ክፍል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፦ ይህ ስም የሚናገረው ለማን ነው? ስለ ስም ስናወራ ሁልጊዜ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» እንላለን። «ሰሚው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኔርጉይ የሚናገረው ለልጁም ለጎረቤትም አይደለም፤ ደጅ ለቆመው ጠላት ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ የሌሎችን ሕዝቦች ስሞች ማገላበጥ ስጀምር፣ በጣም የሚራራቁ አገሮች እንዴት አንድ ዓይነት ነገር እንዳሰቡ፣ በምን ላይም እንደተለያዩ ወለል ብሎ ታየኝ።

ናይጄሪያን ውሰዱ። የዮሩባ ሕዝብ በሕፃንነት ደጋግሞ የሚሞትን ልጅ አቢኩ ይለዋል፤ «ሊሞት የተወለደ» ማለት ነው። እምነቱ እንዲህ ነው። እናትየዋ የቀበረቻቸው አምስቱ ልጆች አምስት አይደሉም። አንድ ልጅ ነው፣ እየመጣ የሚሄድ። በወዲያኛው ዓለም ጓደኞች አሉት፣ ይናፍቁታል፣ እሱም ይናፍቃቸዋል፤ ስለዚህ እናቱን ትንሽ አስደስቶ ይመለሳል። እንግዲህ ወሳጅ ጠላት የለም ማለት ነው። ማባበል ያለባችሁ ልጁን ራሱን ነው! ስሞቹም ለልጁ ይናገራሉ። ማሎሞ፦ «ዳግመኛ አትሂድ»። ዱሮጃዬ፦ «ቆይና ሕይወትን ቅመሳት»። ባንጆኮ፦ «አብረኸኝ ተቀመጥ»። ኮኩሞ፦ «ከእንግዲህ አይሞትም»። ከሁሉም ልብ የሚሰብረኝ ግን ኮሶኮ ነው። «ዶማ የለም» ማለት ነው። መቃብርህን የምንቆፍርበት መሣሪያ አልቋል፤ ብትሞት የሚቀብርህ የለም፤ ስለዚህ ቁጭ በል። ይህን ስም የያዘ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1851 የሌጎስ ንጉሥ ነበር። ከዙፋኑ ያወረደውም በ1851 ታኅሣሥ ከተማዋን በመድፍ የደበደበው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። በእንግሊዞች መዝገብ ውስጥ እንደ ባላንጣ ስሙ የሚነሳው ንጉሥ ኮሶኮ፣ ስሙ የአንዲትን ሐዘንተኛ እናት ልመና የተሸከመ ሰው ነበር።

እዚያው ናይጄሪያ ያሉት ኢግቦዎች እንዲህ ያለውን ልጅ ኦግባንጄ ይሉታል። ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልብ ወለድ ውስጥ ኤክዌፊ የምትባል እናት አለች። አሥር ወልዳ ዘጠኙ በሕፃንነታቸው የሞቱባት ናት። አቼቤ ሐዘኗን የሚነግረን በልጆቿ ስም ነው። አንዱን ኦንዉምቢኮ አለችው፤ «ሞት ሆይ፣ እባክህ»። ሞት አልሰማም። ሌላዋን ኦዞኤሜና አለቻት፤ «ዳግመኛ አይሁን»። እሷም ሞተች። በኋላም ኦንዉማ መጣ፤ «ሞት እንደፈቀደ ያድርግ»። ሰሚው በሦስቱም ያው ሞት ነው፤ የተለወጠው የእናትየዋ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ተማጸነች፣ ቀጥላ ፈራች፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ተገዳደረችው። በሦስት ስም የአንዲት ሴት ሙሉ የሐዘን ታሪክ ተጽፏል። አቢኩ በናይጄሪያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ወሌ ሶይንካም ጆን ፔፐር ክላርክም በዚሁ ርእስ ግጥም ጽፈዋል። ቤን ኦክሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የቡከርን ሽልማት ያገኘበት ልብ ወለድም ተራኪው አቢኩ የሆነ ልጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ግን የደም ጉዳይ አለ። ናይጄሪያ ውስጥ ከአራት ሰዎች አንዱ ገደማ የሲክል ሴል ዘረመል ተሸካሚ ነው። ይህ ቀይ የደም ሕዋስን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዝ በሽታ ነው። ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽተኛ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ በጎረቤት ቤት ልጆቹ ሁሉ ሲያድጉ፣ አንድ ቤት ብቻ ደጋግሞ ይቀብራል። የሚሞቱት ልጆችም የሚታመሙት አንድ ዓይነት ሕመም ነው፤ ተመሳሳይ ቁርጥማት፣ ተመሳሳይ የገረጣ ፊት። «ያው ልጅ ነው ተመልሶ የመጣው» ያሉት ሰዎች ያዩትን በትክክል አይተዋል። ተመልሶ የመጣው በሽታው ነበር። ተመራማሪዎች በኦግባንጄና በአቢኩ እምነት ጀርባ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ይህ በሽታ እንደሆነ ያስረዳሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፣ ምክንያቱም እኛም ለዚሁ ነገር ስም ሰጥተነዋል፦ ሾተላይ። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ልጅ አልበረክት ያላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ሾተላይ ፅንስና ሕፃን የሚቀጥፍ ክፉ ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የልጁ ቁንጮ፣ ክታቡ፣ ወንዱን ልጅ «አንቺ» ብሎ መጥራቱ፣ ሁሉም ከሾተላይና ከቡዳ ዓይን ለመሸሸግ የሚደረጉ መላዎች ነበሩ። ሞንጎሊያ ያለችው እናት ልጇን ቀሚስ ስታለብስ፣ እዚህ ያለችው ደግሞ በአንቺታ ሰወረችው።

እንደ አቢኩ ሁሉ ሾተላይም የደም ምክንያት ተገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1940 ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር አር ኤች የሚባለውን የደም ምድብ አስታወቁ። የእናትየዋ ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውነቷ የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል። መከላከያው በአብዛኛው የሚበጀው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ስለሆነ የበኩር ልጅ ይተርፋል፤ ከሱ በኋላ የሚረገዙት ግን ይጎዳሉ። አንድ ወልዳ ከዚያ ወዲያ የሚሞትባት ሴት! የጥንቱ ሾተላይ መልክ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ይህን የሚያስቀር መርፌ አለ። ነፍሰ ጡሯ በሰባተኛው ወር ገደማ፣ ከወለደች በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ትወስደዋለች። እኛ አገር ሕዝቡ ይህንኑ መርፌ «የሾተላይ መርፌ» ይለዋል። ሾተላይ የተባለው ሁሉ አር ኤች ነበር ማለት አይደለም፤ ወባም፣ ቂጥኝም፣ ሌላም ብዙ ነገር ሕፃናትን ይገድል ነበር። ሕዝቡ ግን አሮጌውን የመንፈስ ስም ለአዲሱ የሕክምና እውቀት ማውረሱ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሐኪሙም በሽተኛዋም በአንድ ቃል ይግባባሉ።

የአማርኛ የሐዘን ስሞችን ስንመለከት ግን ከሞንጎሊያ ትልቅ ልዩነት እናገኛለን። ካሳ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ፣ ፋንታሁን፣ ማስረሻ፣ መርሻ፣ ይርሳው፣ ታረቀኝ፣ ሰማኸኝ፣ ኑርልኝ። እስቲ አንድ በአንድ «ሰሚው ማነው?» በሉ። ፋንታሁን የሚናገረው ለሕፃኑ ነው፤ በሄደው ፋንታ አንተ ሁን ይለዋል። ኑርልኝም እንዲሁ የዮሩባውን ባንጆኮ ይመስላል። ሰማኸኝ ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አዙሯል፤ ታረቀኝ ደግሞ ስለሱ ለሰው ይመሰክራል፤ ተቀይሞኝ ነበር፣ ይኸው ታረቀኝ። ማስረሻና ይርሳውስ? እነሱ የሚናገሩት ላዘነው ቤተሰብ ይመስለኛል። ስም አውጪው ብዙ ጊዜ አያት ወይም ዘመድ ነው፤ በስሙ ሐዘንተኛይቱን «አሁን እርሺው» ይላታል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ለሞት የተነገረ ቃል የለም። ሞት ሰሚ ሆኖ አልተቆጠረም። እነዚህ የአማርኛ ስሞች የሚያጽናኑ እንጂ የሚያታልሉ አይደሉም፤ ማታለሉን ለ«አንቺ»ውና ለቁንጮው ትተውታል። ይህ ንባብ የኔ ነው፤ ግን ስሞቹን በተርታ ባስቀመጥኳቸው ቁጥር ያው ሆኖ ይታየኛል።

ምትኩ የሚለው ስም ታላቅ ወንድምም አለው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላይ ሔዋን ቃየል በገደለው በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር እንደተሰጣት ተናግራ ልጇን «ሴት» ብላ ትጠራዋለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የመጀመሪያይቱ ሐዘንተኛ እናት ያወጣችው ስም የምትክ ስም ነው።

አንድ ሌላ የኛ ነገር አለ፤ ለዚህ ጨዋታ በጣም ያስፈልገናል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ሁለት ስም አለው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣል፤ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ኃይለ ሥላሴ። የዓለም ስሙን ሁሉም ይጠራዋል። የክርስትና ስሙን ግን ድሮ ሰው በዋዛ አይነግርም ነበር፤ መተተኛ ስሙን ካወቀ ይጎዳኛል ብሎ ይፈራል። ይኸው ስም ደግሞ በክታብ ላይ መጻፍ አለበት። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በብራና ላይ የሚጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ሕፃናትን ስለምትገድለው ወርዘልያ ይተርካል፤ የባለቤቲቱ የክርስትና ስምም በውስጡ ይገባል። ይህን አስተዋላችሁ? ጠባቂው እንዲያገኛት ትክክለኛው ስም ይጻፋል፤ ጠላት እንዳያገኛት ያው ስም ይደበቃል። ቻይናም ሁለት ስም ነበረ፤ ሕፃኑ «የወተት ስም» ይወጣለታል፣ ትምህርት ሲጀምር ደግሞ ዋናው ይሰጠዋል። በገጠር የወተት ስሙ ጎውሼንግ፣ «ከውሻ የተረፈ»፣ ሊሆን ይችላል፤ ውሻ እንኳ ያልበላውን ማን ይወስደዋል?

አይሁድ ዘንድ መንገዱ ሌላ ነው። ታልሙድ በሰው ላይ የተፈረደን ፍርድ የሚቀድዱ አራት ነገሮችን ሲዘረዝር ምጽዋትን፣ ጸሎትን፣ ስም መለወጥንና ምግባር መለወጥን ይጠቅሳል። ከዚህ በመነሳት በጽኑ የታመመ ሰው ስም ይለወጥለታል ወይም ሐይም፣ «ሕይወት»፣ የሚል ይጨመርለታል። በምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ የሚያሰጋ ሕፃን አልተር ተባለ፤ «ሽማግሌ»። የመልአከ ሞት ዝርዝር ሕፃን ይላል፣ ቤት ውስጥ ያለው ግን ሽማግሌ ነው።

ልጅ የመሸጥ ልማድም አለ። ቱርክ ውስጥ ዱርሱን፣ «ይቆይ»፣ እና ያሻር፣ «ይኖራል»፣ ከሚሉት ስሞች ጎን ሳትልምሽ የሚል ይገኛል፤ «የተሸጠ» ማለት ነው። ልጅ የማይበረክትላቸው ወላጆች ሕፃኑን ለቅዱስ ሰው መቃብር ወይም ለሌላ ቤተሰብ ለወጉ ያህል «ይሸጡታል»፤ የነሱ ካልሆነ እነሱን የሚከተለው መዓት አያገኘውም። ቤንጋል ውስጥም ይኸው አለ። እዚያ ቲንኮሪ የሚባል ስም «ሦስት ዛጎል» ማለት ሲሆን ልጁ የተሸጠበት ዋጋ ነው። የሕንድ የነፃነት ታጋይ ኩዲራም ቦስ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲወለድ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ሞተው ነበር። ስለዚህ ታላቅ እህቱ በሦስት እፍኝ የተሰባበረ ሩዝ ገዛችው። የተሰባበረ ሩዝ በቤንጋልኛ ኩድ ይባላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሩዙ ከሕፃንነት ሞት አሻገረው። የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1908 ሰቀለው፤ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

እስካሁን ያየናቸው አስቀያሚ ስሞች ሁሉ የፍቅር ስሞች ናቸው። የፍቅር ያልሆኑም ስላሉ እነሱን ሳናነሳ ማለፍ ልክ አይሆንም። ቱርክ ውስጥ የቴር የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ «ይበቃል»። ቻይና ውስጥ ጃውዲ አለ፤ «ታናሽ ወንድም ጥሪ»። በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ሳታራ በተባለ ወረዳ ደግሞ ወንድ ልጅ ሲጠበቅ የተወለዱ ብዙ ሴቶች ናኩሳ ተባሉ፤ «ያልተፈለገች»። ላይ ላዩን ሲታይ ናኩሳ ከሙኖሆይ አይለይም። ሰሚውን ስትፈልጉ ግን ልዩነቱ ይወጣል። «መጥፎ ውሻ» የሚለውን የሚሰማው መንፈስ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ለምን እንደተባለ ይነገረዋል፣ ይኮራበታልም። «ያልተፈለገች» የሚለውን የምትሰማው ልጅቷ ራሷ ናት፣ በየቀኑ፣ ከእናቷ አፍ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የወረዳው አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቶ 285 ልጃገረዶች አዲስ ስም መረጡ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጣቸው። ባህል ነው ተብሎ ሁሉም ነገር መጠበቅ የለበትም፤ ያ ስም መለወጥ ነበረበት።

ከሞት የሚሸሽጉት ስሞች ግን ማንም ሳይሰርዛቸው በራሳቸው እየቀነሱ ነው፤ የቀነሰውም የሞቱ ብዛት ነውና እሰየው የሚያሰኝ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 67፣ በ2019 ደግሞ 59 ሆነ። ዛሬ የሚወለድ ልጅ ማስረሻ ከሚባል ይልቅ ናታን ወይም ሶልያና የመባል ዕድሉ ይበልጣል።

ስሞቹ ሲቀሩ የሚቀሩበት መንገድ ከአገር አገር ይለያያል። ናይጄሪያ ውስጥ የቤተሰብ ስም ስላለ ኮሶኮ ዛሬም በሕይወት አለ፤ የታወቀው የፊልም ተዋናይ ጂዴ ኮሶኮ ከዚያው የሌጎስ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው። የኛ የስም ሥርዓት ግን ልጅ፣ አባት፣ አያት ብሎ ያበቃል። አያቱ ምትኩ የሆነ ልጅ ስሙን በሦስተኛ ይጽፈዋል፤ የሱ ልጅ ግን አይጽፈውም። አሜሪካና አውሮፓ የገቡት ወገኖቻችን ብቻ፣ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበላቸው፣ ማስረሻንና ካሳን ለልጅ ልጅ እያወረሱ ነው፤ ለምን እንደወጣ የሚነግራቸው ካገኙ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከዘመዶቻችሁ መካከል ምትኩ፣ ካሳ፣ ፋንታሁን፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ የሚባል ካለ፣ ስሙን ያወጣለትን ሰው ወይም የዚያን ጊዜ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ። ስሙን ማን አወጣው? ለማንስ ነበር የተናገረው? ከሱ በፊት የሄደው ልጅ ማን ይባል ነበር? መልሱን ከነቀኑ በወረቀት ጻፉና ለልጆቻችሁ አስቀምጡላቸው።